ቆስጣው ነኝ

ሊፍቴ የሚሉት ሊፍት ስለሚጠግን ነው፤ እናቱ ያወጣችለትን ስም ዛሬ የሚያውቀው የጡረታ ደብተሩ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። ሠላሳ አራት ዓመት በየሕንፃው ጉድጓድ ውስጥ ከገመድና ከቅባት ጋር ሲታገል ኖሮ ጡረታ ሲወጣ፣ መጀመሪያ ያደረገው ነገር የቤቱን የበር ማጠፊያ ሁሉ ዘይት መቀባት ነበር። ቀባ፤ ደገመ፤ ሠለሰ። ከዚያ ምንም ያልሆነውን ማቀዝቀዣ ፈትቶ ገጠመና ሁለት ብሎን ተረፈው። ሚስቱ ብሎኖቹን በመዳፏ ይዛ መጥታ «አንተ ሰው፣ የምትፈታው ነገር ካለቀብህ ቀጥሎ እኔን ነው የምትፈታኝ» አለችው። እሱም እውነቷን ነው ብሎ የመፍቻ ቦርሳውን አንጠልጥሎ ወደ እህቱ ቤት ሄደ።

ታላቅ እህቱን እትዬ ነው የሚላት፤ እኛም እንደዚያው እንበላት። እናታቸው ስትሞት እሱ ስድስት ዓመቱ፣ እሷ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነበር። አፍንጫውን ጠርጋ፣ ጫማውን አስራ፣ ሲያጠፋም ገርፋ ያሳደገችው እሷ ናት። ስለዚህ ሊፍቴ በስልሳ ሁለት ዓመቱም እትዬ ፊት ሲቆም እጁን ከኪሱ ያወጣል፤ ደግሞ ሳታየው ነው።

አዎ፣ አታየውም። እትዬ ዕድሜዋን ሙሉ በማተሚያ ቤት አራሚ ነበረች፤ የሰው ስህተት ስትለቅም የኖረች ሴት ናት። ጡረታ በወጣች በሦስተኛው ዓመት የዓይን ግፊት ያዛት፤ ከዳር ከዳር እየበላ መጥቶ በመጨረሻ ብርሃንና ጨለማን መለየት ብቻ ቀራት። ምላሷን ግን አልነካባትም። ራዲዮ ስትሰማ ጋዜጠኛውን ታርማለች፣ ስልክ ሲደወልላት ደዋዩን ታርማለች፣ ሐኪሟንም አርማ ታውቃለች።

የምትኖረው አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሁለት ክፍልና አንድ ጠባብ በረንዳ። ሕንፃው ሊፍት የለውም። የሊፍት ሰው እህት ሊፍት የሌለው ቤት ውስጥ አርባ ዓመት ትኑር! ሊፍቴ ያንን ደረጃ በወጣ ቁጥር ይህ ነገር ይከነክነዋል፤ ጉልበቱም አብሮ ይከነክነዋል።

ባለፈው ዓመት እትዬ ወጥ ቤት ውስጥ እርጥብ ወለል ላይ ተንሸራተተች። አጥንቷ አልተሰበረም፤ ግን መነሣት አቃታት። ከጠዋት እስከ ማግሥቱ ቀትር ድረስ መሬት ላይ ተኝታ ያገኛት ሊፍቴ ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ቀን ልጠይቃት ብሎ አስቦ፣ ነገ እሄዳለሁ ብሎ የቀረው እሱው ነው። ይህን ለማንም አልተናገረም። 

የእትዬ አንድያ ሴት ልጅ የአራት ሰዓት መንገድ ርቆ ባለ ከተማ የመድኃኒት ቤት አላት። ደግ ናት፤ ስትፈራ ግን ትቆጣለች። እናቷ ከወደቀች በኋላ ወስዳ ከእሷ ጋር ልታኖራት ቆርጣ ነበር። እትዬ ደግሞ ከዚህ ቤት ንቅንቅ አልልም አለች። «እዚህ ግድግዳውን አውቀዋለሁ። በሩ የት እንዳለ፣ ምድጃው የት እንዳለ፣ ማን ሲስቅ ከየትኛው ፎቅ እንደሆነ አውቃለሁ። አንቺ ቤት ብገባ ያኔ ነው ዓይነ ስውር የምሆነው» አለቻት። ልጅቷ አለቀሰች፤ ውሳኔዋን ግን አልሰረዘችም፣ አቆየችው እንጂ።

ሊፍቴ ከመፍቻው ጋር የደረሰው በዚህ መሀል ነው። የሚጠገን ነገር ሲፈልግ በረንዳው ላይ አራት ሣጥን አገኘ፤ ቲማቲም፣ ቆስጣ፣ ሰላጣና ቃሪያ የተተከለባቸው። ሁሉም በስብሰዋል። እትዬ ዓይኗ ደህና ሳለ ከበረንዳዋ ሳህን ሙሉ አትክልት የማታጣ ሴት ነበረች፤ አሁን ግን አጠጣሁ አላጠጣሁም እያለች በቀን ሦስት ጊዜ ውሃ እየደፋች ጨረሰቻቸው። «ተዋቸው፤ ይሄም ቀርቶብኛል» አለችው። ይህን ስትል ድምፅዋ ዝቅ አለ፤ ከዚያም ዝም አለች።

ሊፍቴ ደነገጠ። በሙያው ጫጫታ አያስፈራውም፤ የሚያንኳኳ፣ የሚያቃስት፣ በየፎቁ የሚነጫነጭ ሊፍት የት እንደሚያመው እየተናገረ ስለሆነ ይጠገናል። ዝም ያለው ነው የሚያሰጋው። እትዬ ዝም ስትል ደግሞ በሕይወቱ ሰምቶ አያውቅም። እኔ እያለሁማ አይቀርብሽም አለ በሆዱ።

ሦስት ሳምንት ጠፋ። የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ተመላለሰ፣ ስልኩ ላይ ቪዲዮ እያየ ጣቱን አቃጠለ፣ የሚስቱን የወጥ ቤት ጠረጴዛ በብየዳ አጠቆረ። ተመልሶ ሲመጣ ለአራቱ ሣጥኖች አዲስ ችግኝና የክብሪት ቀፎ የሚያካክሉ አራት መሣሪያዎች ይዞ ነበር። ከሥራቸው ሁለት ሁለት ጥርስ አላቸው፤ ጥርሱ አፈር ውስጥ ተቀብሮ እርጥበቱን ይለካል። አናቱን በጣት ሲነኩት አትክልቱ ምን እንደሚፈልግ በሊፍቴ ድምፅ ይናገራል። በቤቱ ዋይፋይ የአየር ትንበያውን ስለሚያይ፣ ዝናብ የሚመጣ ከሆነ ቆዪ ይላል።

እትዬ የመጀመሪያውን ነካችው። «የእርጥበት መጠን፣ አሥራ ስምንት በመቶ። ውሃ ያስፈልጋል» አለ መሣሪያው።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለች እትዬ። «በሩ ሊዘጋ ነው፣ ከበሩ ራቁ ማለት ብቻ ነው የቀረህ። እኔ ፎቅ ልወጣ አይደለም፣ ቆስጣ ላሳድግ ነው። እንደ ሰው አናግረኝ።»

ሊፍቴ ቤቱ ተመልሶ መታጠቢያ ክፍል ገብቶ በሩን ዘጋና እንደገና ቀዳው። ሚስቱ ከውጭ ሆና ጆሮዋን አላመነችም። «ቆስጣው ነኝ። ውሃ ጠምቶኛል።» ደግሞ ትንሽ ቆይቶ፣ «ቲማቲሙ ነኝ። ጠግቤያለሁ፤ ነገም ይዘንባል፤ ታገሺኝ።» እትዬ ይህን ስትሰማ እስከ ዕንባዋ ሳቀች። ያን ሳቅ ለመስማት ሊፍቴ ሌላ አርባ መሣሪያ ይሠራ ነበር።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ሊፍቴ ግን ለእትዬ ያልነገራት አንድ ነገር ጨመረበት። መሣሪያዎቹ የለኩትን ሁሉ ወደ እሱና ወደ ልጅቷ ስልክ ይልካሉ፤ ውሃ ካገኙ አረንጓዴ ነጥብ፣ ሲጠማቸው ቢጫ፣ ሲደርቁ ቀይ። «እናትሽ አትክልቷን ሳታጠጣ የምትውለው ከአልጋዋ ካልተነሣች ብቻ ነው» አላት ለልጅቷ። «ጠዋት ጠዋት አያለሁ፤ አንቺም እዪ። አረንጓዴ ከሆነ ደህና ናት፤ በቤቷ ተያት።»

ልጅቷ ብዙ አሰበችና «እሺ አጎቴ» አለችው። «ቀይ ሆኖ አንድ ቀን ከዋለ ግን መጥቼ እወስዳታለሁ። ያኔ አንድም ቃል እንዳትናገረኝ።»

«አልናገርም» አላት። ለእትዬም አልተናገረም፤ የሚጠብቃት ዓይን መኖሩን ብታውቅ መሣሪያዎቹን በበረንዳው ትወረውራቸዋለች።

ነገሩ ሠራ። ቆስጣው ቅጠሉን ዘረጋ፣ ቲማቲሙ ቀላ፣ ነጥቡም በየጠዋቱ አረንጓዴ ሆነ። መጀመሪያ ሰሞን ሊፍቴ በየቀኑ አራቱን ፎቅ ይወጣ ነበር። ቀጥሎ በሁለት ቀን አንዴ ሆነ። ጉልበቱ አመመው፤ ስልክ መደወል ጀመረ። ከዚያ መደወሉም ቀዘቀዘ፤ አረንጓዴ ነዋ! ልጅቷም ሥራ በዝቶባት ነጥቡን እያየች እፎይ ትል ጀመር። በመጨረሻ ሊፍቴ ነጥቡን ማየቱንም ተወው።

አንድ ሐሙስ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ስልኩ ጮኸ። ልጅቷ ናት። «አጎቴ፣ አራቱም ቀይ ናቸው። ሦስት ቀን ሆኗቸዋል! እኔ እቃ ቆጠራ ላይ ሆኜ አላየሁም፤ አንተስ? እደውላለሁ፣ አታነሣም። መንገድ ጀምሬያለሁ። ደህና ሆና ካገኘናት ዛሬውኑ እወስዳታለሁ፤ ካልሆነችም…» አልጨረሰችውም።

ሊፍቴ ጫማውን በባዶ እግሩ አጥልቆ ወጣ። ታክሲ ውስጥ የእትዬን ቁጥር ደጋግሞ ደወለ፤ ይጠራል፣ አይነሣም። ሦስት ቀን። ባለፈው ጊዜ አንድ ቀን ከግማሽ ነበር። የወጥ ቤቱ ወለል ላይ እንዴት ተኝታ እንዳገኛት፣ ከንፈሯ እንዴት ደርቆ እንደነበር ፊቱ ላይ ድቅን አለበት። ፈጣሪዬ፣ ይቺን አንዴ ብቻ አለ። አራቱን ፎቅ እንዴት እንደወጣው አያስታውስም፤ ጉልበቱ የእሱ አልመሰለውም።

ቁልፍ ነበረው። ከፈተ። «እትዬ!» መልስ የለም። ወጥ ቤቱን በመጀመሪያ አየ፤ ወለሉ ንጹሕና ባዶ ነው። መኝታ ክፍሏን አየ፤ አልጋው ተነጥፏል። ስልኳ ጠረጴዛው ላይ ቻርጅ ላይ ተሰክቷል፤ አሥራ አንድ ጥሪ። መታጠቢያ ክፍሉን ከፈተው፤ ማንም የለም። በመጨረሻ በረንዳው ቀረ።

በረንዳው ላይ ያየውን ለማመን ቆሞ አሰበ። ቆስጣው እንደ ጎመን መደብ ተንዠርግጓል፤ ቲማቲሙ ከነፍሬው ጎብጧል። ጣቱን አፈሩ ውስጥ ከተተ፤ እርጥብ ነው፤ ዛሬ ጠዋት የጠጣ አፈር ነው። መሣሪያዎቹ ግን የሉም። አንዳቸውም የሉም። ስልኩን አየ፤ አራቱም ቀይ። ቀዩ ከየት ነው የሚመጣው?

እዚያው ቆሞ ግራ ሲገባው ከጎረቤት በረንዳ፣ ከግድግዳው ማዶ፣ የታፈነ የወንድ ድምፅ ሰማ። «ቆስጣው ነኝ። ውሃ ጠምቶኛል።»

የራሱ ድምፅ ነው። ትራስ ተጭኖበት እንደሚናገር ሰው ነው የሚሰማው። ቀጥሎ የእትዬ ድምፅ መጣ፤ እሱ ግን ጥርት ብሎ፣ ሙሉ ሆኖ፣ ተቆጥቶ። «ይኸው ተናገረ! አፉን በፎጣ ጠቅልለሽ እንዴት ሊጠጣ ነው ልጄ?»

ሊፍቴ የበረንዳውን ብረት ያዘ። ከዚያ እዚያው መሬት ላይ፣ በቲማቲሙና በቃሪያው መሀል ቁጭ ብሎ እንደ ሕፃን ልጅ አለቀሰ። በሕይወት አለች። ትቆጣለች፤ ስለዚህ አለች። ነፍሱ ስትመለስ መጀመሪያ ያደረገው ለልጅቷ መደወል ነው። «ደህና ናት። ሰላም ናት። ሰው እየሰደበች ነው» አላት። ልጅቷ መኪናዋን ዳር አስይዛ ረጅም ሰዓት ስልኩ ላይ ስትተነፍስ ሰማት። «ቢሆንም እመጣለሁ» አለች በመጨረሻ።

ጎረቤቷ ጸጉር ሠሪ ናት፤ ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው፤ ብቻዋን ትኖራለች፤ ሐሙስ ሐሙስ ሱቋ ዝግ ነው። ሊፍቴ በሯን ሲያንኳኳ ፊቷ ቀልቶ ከፈተችለት፤ እትዬ ከኋላዋ እጇ እስከ አንጓዋ አፈር ውስጥ ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው። እትዬ በመሣሪያው እየተመራች ስታጠጣ ጣቷም ሳታስበው ተምሮ ኖሯል፤ አፈሩን ስትዳስስ መሣሪያው ሳይናገር ምን እንደሚል ታውቅ ጀመር። ጎረቤቷ ደግሞ የተከለችው ሁሉ እየሞተባት ስታማርር ሰማቻት። «እኔ አያስፈልገኝም፤ ውሰጂው» ብላ አራቱንም ሰጠቻት።

ጸጉር ሠሪዋ መጀመሪያ ሰሞን በትጋት አጠጣች። ኋላ ግን ከፊት ለፊት ሕንፃ ያሉት ሰዎች «ያ ጠዋት ጠዋት በረንዳሽ ላይ ጠማኝ የሚለው ሰውዬ ማነው?» ብለው ይጠይቋት ጀመር። ብቻዋን የምትኖር ሴት በረንዳ ላይ የወንድ ድምፅ! አፍራ በሱቋ ፎጣ ጠቀለለቻቸው። ሲታፈኑ ረሳቻቸው፤ አትክልቶቿም ደረቁ። «ጋሼ፣ ይቅርታ» አለችው፤ «ድምፅዎ ጥሩ ነው፣ ያስቸገረኝ የሰው ወሬ ነው እንጂ።»

ልጅቷ ስምንት ሰዓት ላይ ደረሰች፤ ባዶ ሻንጣ ይዛ። እትዬ ጠረጴዛዋ ላይ ቲማቲም እየከተፈች ነበር። ልጅቷ አንገቷ ላይ ተጠምጥማ ስታለቅስ፣ እትዬ ቢላዋውን አርቃ ያዘችና «ምን ሆናችኋል? ማን ሞተ?» አለች። ሊፍቴ ከዚህ በኋላ መደበቅ አልሆነለትም። እጁን ከኪሱ አውጥቶ ስለ ነጥቡ፣ ስለ አረንጓዴው፣ ስለ ቀዩ፣ ከልጅቷ ጋር ስለገባው ውል አንድ በአንድ ተናዘዘ።

እትዬ ዝም አለች። 

«ቆይ፤ ልረዳው» አለች በመጨረሻ። «መሣሪያው እዚያ ማዶ ከገባ ሦስት ሳምንት ሆኖታል። እናንተ ሦስት ሳምንት ሙሉ እኔን የምታዩ እየመሰላችሁ የጎረቤቴን ውሃ ማጠጣት ስታዩ ከረማችሁ?»

«አዎ፣ እትዬ።»

«የዛሬ ሁለት ሳምንት ወጥ ቤት ወድቄ ቢሆንስ?»

ሊፍቴ ስልኩን ገልብጦ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

«አረንጓዴ ነበርኩ ማለት ነው» አለች። «መሬት ላይ ተኝቼ፣ አረንጓዴ።»

ልጅቷ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ሊፍቴ መሬቱን እያየ፣ «ባለፈው ጊዜ ከመውደቅሽ በፊት ልመጣ አስቤ ነገ ብዬ ቀርቼ ነበር» አላት። «ሁለተኛ እንዳይደርስብኝ ነው መሣሪያውን የሠራሁት። ፈርቼ ነው። ዛሬ ሞታለች ብዬ ነበር የመጣሁት።»

እትዬ በእጇ ፈልጋ ክንዱን ያዘችው። «እኔም ፈርቼ ነበር» አለች፤ አሁን ድምፅዋ ለስለስ አለ። «መጀመሪያ በየቀኑ ትመጣ ነበር። ከዚያ ስልኩም ዝም አለ። የሚናገር ዕቃ ሰጥተውኝ ተገላገሉኝ ብዬ ነበር። ኩራት ያዘኝና አልደወልኩም። ልፋትህን ለጎረቤት ሰጠሁ ለማለትም አፈርኩ፤ ቅስሙ ይሰበራል ብዬ ደበቅኩህ።»

ከዚያ ልጅቷ ዕንባዋን ጠርጋ፣ ፋርማሲስት ናትና ማስረጃ ፈለገች። «እሺ፣ ያለ መሣሪያው አንቺው ነሽ ያጠጣሻቸው?» እትዬ እጇን ይዛ ወደ በረንዳው ወሰደቻት። ዓይኗን አስጨፈነቻትና ጣቷን አፈሩ ውስጥ ከተተችላት። «ይሄ ምን ይላል?» ልጅቷ አሰበችና «ጠምቶኛል» አለች። «ጠግቧል» አለች እናቷ፤ «ከላይ ብቻ ነው የደረቀው፤ ጠለቅ አድርጊው።» ሦስቱን ቀጥላ ሞከረች፤ ሁለቱን ሳተች። እትዬ አንዱንም አልሳተችም። ልጅቷ ከዓመት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እናቷ ፊት ሳቀች።

«ብትወድቂስ?» አለች ግን፤ ፍርሃቷ በቀላሉ አይለቅም።

ከበሩ ላይ ቆማ ስትሰማ የነበረችው ጸጉር ሠሪዋ ናት የመለሰችው። «ሱቄን ከመክፈቴ በፊት፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ በየቀኑ እመጣለሁ። ምን ያህል ላጠጣ ብዬ ልጠይቅ ነው የምመጣው፤ ጠይቄ ሱቅ ስገባ ነው የምረሳው። ሦስት ሳምንት አንድ ቀን አልቀረሁም። ቁልፍ ከሰጡኝ ደግሞ…» እትዬ ቁልፉን ከኪሷ አውጥታ ወደ ድምፁ ዘረጋችው። ሊፍቴ ይህንን ሁሉ ሲሰማ በደረቱ ላይ ተጭኖት የኖረ ነገር ሲነሣለት ተሰማው። መሣሪያው ተሳስቶ ኖሯል፤ እህቱ ግን ብቻዋን አልነበረችም።

ልጅቷ ሻንጣውን ከመተላለፊያው አንሥታ ከአልጋው ሥር ገፋችው። «በየማታው ሱቅ ስዘጋ እደውላለሁ» አለች።

«ስለ ጤናዬ ከሆነ አትደውዪ፤ ስላንቺ ልታወሪኝ ከሆነ ደውዪ» አለች እትዬ።

«እኔ ደግሞ ጠዋት ጠዋት እመጣለሁ» አለ ሊፍቴ።

«አራት ፎቅ?»

«አራት ፎቅ።»

«እንግዲያው ዳቦ ይዘህ ና» አለችው። «አትክልቱ ከእኔ።»

በማግሥቱ ልጅቷ ሻንጣውን እንዳመጣችው ባዶውን ይዛ ስትወርድ፣ ሊፍቴ ዳቦውን በብብቱ ይዞ እያለከለከ ሲወጣ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ተገናኙ።